ሰባተኛው በር

ሐረጎ ላይ ባጃጄ ከነነፍሴ ተገልብጦ፣
ቦሩ ሜዳ ተኛሁ፣ እግሬ በጀሶ ተለብጦ።
«ጊዜህን ግደልበት» ብሎ ከደሴ የላከልኝ
ሙሔ ነው፣ መጽሐፍ አከራዩ፤ አምስት ብር በቀን ያሰበብኝ።

ሽፋኑ ደም ይመስላል፤ ዘንዶ አለበት ክንፋም፣
አራት መቶ ሠላሳ ገጽ፣ እንደ ጡብ ወፍራም።
«ሰባት በሮች ያሉት፣ ደመና ላይ የቆመ አገር!»
ይላል ጀርባው። ተስገበገብኩ፤ ምን ልዋሽ፣ ምን ልናገር።

ጎኔ ያለው አልጋ የጋሽ እብሬ ነው፣
የኩታበር ግንበኛ፤ ኖራ ዓይኑን የበላው።
ሁለቱም ዓይኖቹ በነጭ ፋሻ እንደታሰሩ፣
«ለብቻህ አትብላ» አለኝ፣ «ጮክ በል፤ እኔም ልቅመስ ከነገሩ።»

አንደኛው በር ሲከፈት ጋሽ እብሬ ትንፋሹን ያዘ፤
ሁለተኛው ሲከፈት ሻዩ እጁ ላይ ቀዘቀዘ።
ሦስተኛው ላይ ግን ጠየቀ፦

«ይቺ ልዕልት ሁልጊዜ ነው የምታለቅሰው?
እጇ ሥራ አያውቅም? ማነው እራቷን የሚያቀርበው?»
ወደ ኋላ ገለጥኩ። አልተጻፈም።
«ጀግናውስ? ሰይፉ ይብረቅረቅ፤ እሺ፣ እሱም ይሁን።
ግን ምን ይፈራል? ከማን ተጣልቶ ያውቃል? እናቱስ ማን ትሁን?»
አልተጻፈም።
«ሽማግሌው ጠቢብ ሁሉን ካወቀ ከመነሻው፣
ለምን ቀድሞ አልነገራቸውም? ይኼን ሁሉ መንገድ ምን አመጣው?»

ዝም አልኩ። ጆሮዬ ጋለ፣ የጻፍኩት እኔ ይመስል፤
ሰው ባልሠራው ወጥ እንዴት «ጨው አነሰው» ይባል!

ቢሆንም አልተውነውም። ተስፋ ክፉ ነው፣ ገጽ ያስገልጣል፤
አራተኛው፣ አምስተኛው፣ ስድስተኛው... «አሁን ይመጣል፣
አሁን ይመጣል» እያልን፣ ዘጠኝ ሌሊት፣
ጉሙ ከጦሳ በኩል በመስኮቱ ሲገባ፣
ስድስት ቁጥር ያሲን ሲያስል ጣራው እስኪያስተጋባ።

ከዚያ መጨረሻው መጣ። አይ አመጣጥ!
ፍሬን እንደበጠሰ ሲኖትራክ፣
ያን አወራረድ እኔ አውቀዋለሁ፣ እግሬም ያውቀዋል።
ዘንዶው በአንድ መስመር ሞተ።
ልዕልቲቱ በሚቀጥለው ተዳረች።
ጠቢቡ ፈገግ አለ።
ተፈጸመ።

«ቀጥል» አለ ጋሽ እብሬ።
«አለቀ።»
«ሰባተኛው በርስ?»
«አልተከፈተም።»
«ገጽ ዘለልክ።»
«ወላሂ አልዘለልኩም!»
«ዘለልክ እንጂ! ዓይኔን ቢያስሩት ልቤም የታሰረ መሰለህ?
መሠረቱን ለአራት ፎቅ የቆፈረ ሰው፣ ግንቡን ሲያበቃ፣
ጣራውን ላስቲክ አልብሶ ይጠፋል፣ ባለቤቱ ሳይነቃ?»

እጁን ሰደደ። ወረቀቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፣
የጡብ ረድፍ እንደሚቆጥር፣ እስከ ሽፋኑ ደረሰ።
አላመነኝም። ጀርባውን ሰጠኝ።

ሊነጋጋ ሲል፣ ምን ይደረግ፣ መዋሸት ጀመርኩ።
«ይቅርታ ጋሼ፤ ሁለት ገጽ ተጣብቆ ኖሯል» አልኩ፣
የመጨረሻውን ባዶ ወረቀት ገልጬ አነበብኩ፦

ሰባተኛው በር ሥር ዘንዶው ተኝቷል፤ አርጅቷል፤
እሳት ሊተፋ ይልና ሳል ብቻ ከደረቱ ይወጣል።
ልዕልቲቱ ማልቀሷን ትታ ጀርባውን መታ መታ ታደርጋለች፤
«ውኃ ላምጣልህ?» ትለዋለች።
ጀግናው ደግሞ ሰይፉን የት እንደሚያስቀምጥ ግራ ገብቶት፣
እንደ እንግዳ ጃንጥላ ይዞት ቆሟል...

ጋሽ እብሬ ሳቀ። ፋሻው እስኪላላ ሳቀ።
«ይኼኛው ውሸት ነው» አለ፣ «ሳሉን ከያሲን ሰርቀሃል፤ ታወቀ።
ግን አብሽር።
ቀጥል።»

ማክሰኞ በክራንች ደሴ ገባሁ፤
ለሙሔ የአሥራ ሁለት ቀን፣ ስድሳ ብር ሰጠሁ።
«እንዴት ነበር?» አለኝ።
«ከባድ ነው» አልኩት፤ ኪሎውን ማለቴ ነበር።

ለሚቀጥለው ተከራይ፣ ባዶው ገጽ ላይ፣ በእርሳስ
ሁለት መስመር ትቼለታለሁ፦
የበሩ እጀታ በየት በኩል እንደሆነ፣
ሲገፉት ሳይሆን ሲስቡት እንደሚከፈት።